የጤና መድን አባልነት ለምን አይታደስም? ሰው አነጋግሮ ፖሊሲን ስለመገምገም የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው በምሥራቅ ጎጃም በአንድ ወረዳ የዕቅድና ግምገማ ባለሙያ ናቸው። በወረዳው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባልነታቸውን የሚያድሱ አባወራዎች ቁጥር ከካቻምናም ከአምናም ቀንሷል። ምክንያቱን አጥንተው እንዲያቀርቡ ሦስት ሳምንትና ሁለት ረዳቶች ተሰጥቷቸዋል። ሰው ለማነጋገር ሲያስቡ በኃላፊያቸው «የሰው ወሬ ማስረጃ አይሆንም፣ መጠይቅ ይበተን» ተብለዋል። ስንት ሰው ላነጋግር፣ ምን ብዬ ልጠይቅ፣ ያገኘሁትንስ እንዴት ላሳምን ይላሉ።

ከወሬው ልጀምር። ዓይነታዊ ጥናት፣ ማለትም ከመቁጠር ይልቅ ሰው አነጋግሮና ተመልክቶ የሚሠራ ጥናት፣ ወሬ የሚሆነው ሰዎች ስለ መርሐ ግብሩ ምን እንደሚያስቡ ብቻ ሲጠየቁ ነው። ምን እንደሆነ፣ መቼ፣ ማን ባለበት፣ ከዚያስ ምን እንደተደረገ ሲጠየቁ ግን ምስክርነት ይሆናል። ሽማግሌ የወሰን ክርክር ሲያይ «ማን እውነተኛ ይመስልሃል» ብሎ አይጠይቅም። «ድንጋዩን ማን ተከለው? ያን ጊዜ ማን ቆሞ ነበር?» ይላል፤ አዋሳኙን ለብቻው ያነጋግራል፤ ከዚያም ማሳው ድረስ ሄዶ ያያል። የእርስዎም ሥራ ከዚህ አይለይም። መጠይቅ ስንት አባወራ እንዳላደሰ ሊነግርዎ ይችላል፤ ያንን ደግሞ መዝገቡ ቀድሞ ነግሮዎታል። ምክንያቱን በተመለከተ መጠይቅ ከቢሮ ተዘጋጅተው ከወጡ ምርጫዎች አንዱን ከማስመረጥ አያልፍም፤ ሰውም «አቅም የለኝም» የምትለውን ሳጥን ምልክት አድርጎ ይሸኝዎታል።

ወደ ቀበሌ ከመውጣትዎ በፊት ሁለት ቀን መዝገብ ላይ ይቀመጡ። የሦስት ዓመቱን የአባላት መዝገብ ጎን ለጎን አድርገው ስም ከስም ያመሳክሩ። «አላደሰም» ተብሎ የተቆጠረው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። አባወራው ሞቶ፣ ባልና ሚስት ተፋተው፣ ልጅ ጎጆ ወጥቶ፣ ቤተሰቡ ከተማ ገብቶ ስሙ የቀረ አለ። መዋጮውን ለቀበሌ ከፍሎ ደረሰኙ ወረዳ መዝገብ ላይ ሳይሰፍር የቀረም ይኖራል። እነዚህን ሳይለዩ መስክ ከወጡ የጽሕፈት ቤቱን የመዝገብ ጉድለት የገበሬው ውሳኔ አድርገው ያቀርባሉ። ከቀሩት ውስጥ ሦስት ቡድን ይለዩ፦ ሳያቋርጡ ያደሱ፣ ተገልግለው ያቋረጡ፣ አንድም ቀን ሳይገለገሉ ያቋረጡ። አቋርጦ የተመለሰ ካገኙ እሱን በተለይ ይያዙት፤ ሁለቱንም ውሳኔ የወሰነ ሰው ነውና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላሳስብ። መርሐ ግብሩ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ሙከራው ሲጀመር ደቡብ አቸፈር አንዱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በየወረዳው ተስፋፍቷል። ገበሬው መዋጮ ሲከፍል፣ ጎረቤቱ ሲታከም፣ መድኃኒት ሲያገኝና ሲያጣ ዓመታት አይቷል። ስለዚህ ለሁሉም ችግር የሚመዘዘው «የግንዛቤ እጥረት» የሚለው ማብራሪያ በቀላሉ ሊያልፍ አይገባውም። ያንን ብቻ ይዘው ከተመለሱ በእኔ ግምት ጥናቱ ገና አልተጀመረም።

ከመዝገቡ ቀጥሎ መርሐ ግብሩ ይሠራል ተብሎ የታሰበበትን መንገድ በአንድ ገጽ ይሳሉት። ወረዳው ለቀበሌ ኮታ ይሰጣል፤ ቀበሌው ከአዝመራ በኋላ ስብሰባ ይጠራል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያና የቀበሌ ሥራ አስኪያጅ በየጎጡ ይዞራሉ፤ አባወራው ይከፍላል፤ መታወቂያው ይታደሳል፤ የታመመው ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ መድኃኒቱን ያገኛል፤ በዓመቱ ደግሞ ይከፍላል። በእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሁለት ነገር ይጻፉ፦ ይህ ቢሠራ ምን ይታያል? ቢሰበርስ? ማይክል ሊፕስኪ የተባለው አሜሪካዊ ምሁር በ1980 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ዜጋው የሚያገኘው ፖሊሲ አዋጁ ላይ የተጻፈው ሳይሆን ከሕዝብ ጋር ፊት ለፊት የሚገናኙት ሠራተኞች በየቀኑ የሚወስኑት ነው። ኮታ የተጣለባት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በሦስት ቀን ውስጥ የትኛውን በር እንደምታንኳኳና የትኛውን እንደምትዘለው ራሷ ትወስናለች። የዘለለችው ጎጥ «አላደሰም» ተብሎ ይመዘገባል፤ ማንም ግን አልጠየቀውም።

ቀበሌ ሲመርጡ ዕጣ አይጣሉ፤ ለማወዳደር ይምረጡ። ሦስት ይበቃል። ሁለቱ በአንድ ጤና ጣቢያ የሚጠቀሙ ይሁኑ፤ ግን አንዱ በብዛት ያደሰ፣ ሌላው የቀረ። ሦስተኛው ሌላ ጤና ጣቢያ የሚሄድና መልክዓ ምድሩ የተለየ ይሁን፤ ለምሳሌ ሁለቱ ከጮቄ ሥር ደጋ ከሆኑ ሦስተኛውን ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርደው ቆላ ያድርጉት። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አደራ አይለውጡ፤ ለምን እንደሆነ ወደ ትንተናው ስንደርስ ይታያል።

ብዛቱስ? በየቀበሌው ከሦስቱ ቡድኖች ሁለት ሁለት ቤት፣ በድምሩ 18 ቤት። ከእነዚህ በስድስቱ ባልና ሚስትን ለየብቻ ያነጋግሩ፤ ይህ 24 ቃለ መጠይቅ ይሆናል። በዚህ ላይ ስምንት ሠራተኞች፦ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች፣ የቀበሌ ሥራ አስኪያጆች፣ የጤና ጣቢያ ኃላፊ፣ የፋርማሲ ባለሙያ፣ የመድኑ ሠራተኛ። ብዙዎች «12 ይበቃል» የምትለዋን ቁጥር ይጠቅሳሉ። ምንጯ በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ በጋናና በናይጄሪያ 60 ሴቶችን ያነጋገረ ጥናት ነው፤ አብዛኛው ጭብጥ በመጀመሪያዎቹ 12 ቃለ መጠይቆች ውስጥ ወጥቶ ነበር። ነገር ግን እነዚያ ሴቶች ተመሳሳይ ሰዎች ነበሩ፣ ጥያቄውም ጠባብና ለሁሉም አንድ ነበር። የእርስዎ ሦስት ቡድን ስለሆነ 12ን ለጠቅላላው ወስዶ ማቆም አያዋጣም። አዲስ ነገር መምጣቱ የቆመው በየትኛው ቡድን እንደሆነ ለየብቻ ይከታተሉ።

ጊዜውን እንቁጠረው። ሦስት ሰው በቀን ሁለት ሁለት ቢያነጋግር 32ቱን በስድስት ቀን ይጨርሳል። የአንድ ሰዓት ቅጂ ወደ ጽሑፍ ለመገልበጥ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ይወስዳል። 24ቱ የቤተሰብ ቃለ መጠይቆች በአማካይ 45 ደቂቃ ቢሆኑ 18 ሰዓት ነው፤ ይህ ወደ 90 ሰዓት የጽሑፍ ሥራ፣ ለእያንዳንዳችሁ 30 ሰዓት ማለት ነው። የሠራተኞቹን በዝርዝር ማስታወሻ ይለፉት። ስለዚህ ሦስቱ ሳምንት ለመዝገብ፣ ለመስክና ለጽሑፍ ይበቃል፤ ለትንተናውና ለሪፖርቱ አራተኛ ሳምንት ይጠይቁ። ካልተፈቀደ ቀበሌውን ወደ ሁለት ይቀንሱ እንጂ ቃለ መጠይቁን 15 ደቂቃ አያድርጉት። በ15 ደቂቃ የሚያገኙት ሰው ለእንግዳ የሚሰጠውን መልስ ብቻ ነው።

ይህ የእንግዳ መልስ ትልቁ ፈተናዎ ነው። ቤቱ ድረስ የወሰደዎ የቀበሌው ሊቀ መንበር ከሆነና አጠገብዎ ከተቀመጠ፣ የሚሰሙት የስብሰባ ቋንቋ ነው፦ «ጥሩ ነው፣ ተጠቃሚ ሆነናል፣ ትንሽ የመድኃኒት ነገር ቢስተካከል።» ቤቱን የሚያሳይዎ ሰው አሳይቶ ይመለስ። መዋጮ ሰብሳቢዋን መሪ አድርገው በፍጹም አይውሰዱ፤ ያላደሰው ሰው ዳግም ሊሰበስቡት የመጡ ይመስለዋል። ጉብኝቱን በገበያ ቀን አያድርጉ፤ ቤት የሚቀሩት ልጆችና አቅመ ደካሞች ናቸው። ገበሬው ሞፈር የማያነሳበት የወር በዓል፣ እንደየደብሩ ቢለያይም ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔዓለም በ27፣ በዓለወልድ በ29፣ ከቅዳሴ መልስ ጥሩ ሰዓት ነው። የማኅበር ወይም የሰንበቴ ተራ የደረሰበትን ቤት ግን ለሌላ ቀን ይተዉት።

ባልና ሚስትን ለየብቻ ያልኩት በከንቱ አይደለም። ብዙ ጊዜ ገንዘቡን አውጥቶ የሚሰጠው ባል ነው፤ ልጅ አዝላ ካርድ ክፍል የምትሰለፈው፣ ፋርማሲው መስኮት ላይ «ይኼ የለም፣ ውጭ ግዢ» የምትባለው ሚስት ናት። እሱ ያላየውን አገልግሎት ይመዝናል፤ እሷ ያልወሰነችውን ክፍያ ታብራራለች። ሁለቱን አንድ ላይ አስቀምጠው ቢጠይቁ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ይላል። ሚስቲቱን ሴት ረዳት ታነጋግራት።

አሁን ወደ ጥያቄው። «ለምን አላደሱም?» አይበሉ። በአማርኛ «ለምን» ከቢሮ ሰው አፍ ሲወጣ ወቀሳ ነው፤ ሰውም ራሱን ለመከላከል የማይነቀፍ መልስ ይፈልጋል፤ የማይነቀፈው መልስ ደግሞ ማጣት ነው። ይልቅ ከሕመሙ ይጀምሩ። «ከቤታችሁ መጨረሻ የታመመው ማን ነበር?» «ከዚያስ?» «ማን ይዞት ሄደ?» «መታወቂያውን ሲያሳዩ ምን ተባሉ?» «ስንት ዓይነት መድኃኒት ታዘዘ? ከዚያ ውስጥ እዚያው የሰጧችሁ ስንቱን ነው?» «የቀረውን ከየት ገዛችሁ? በስንት?» «ቤት ስትመለሱ ምን ተባለ?» የምትለዋ የመጨረሻ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከሁሉም ትበልጣለች። ቀጥለው ወደ መዋጮው ይሂዱ፦ ማን መጣ፣ ምን ብሎ ጠየቀ፣ ያን ሰሞን ቤት ውስጥ ገንዘብ ነበር ወይ፣ ለምን ለምን ዋለ፣ ማን ወሰነ። ሰው ሲያቆም አምስት ስድስት ሴኮንድ ዝም ይበሉ። አብዛኛው ጀማሪ ዝምታውን በሚቀጥለው ጥያቄ ይሞላውና ሊመጣ የነበረውን ይዘጋል።

«አቅም የለኝም» የሚለውን ቃል እንዳለ አይቀበሉት፤ ውሸት ነው ብለውም አይጠራጠሩት። በውስጡ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ነገር ይኖራል። አንደኛው፣ ገንዘቡ በዓመት ውስጥ አለ፣ በመሰብሰቢያው ወር ግን የለም፤ የማዳበሪያ ዕዳ፣ ግብር፣ የልጅ ትምህርት ቤት ቀድመውታል። ሁለተኛው፣ ገንዘቡ አለ፣ ግን መድኃኒቱን ውጭ ከገዛሁ መዋጮው ምን ሊያደርግልኝ የሚል ነው። ሦስተኛው፣ መዋጮአቸው በመንግሥት ከሚሸፈንላቸው የድሃ ድሃ አባወራዎች ዝርዝር ውስጥ እገባለሁ ብሎ የሚጠብቅ፣ ወይም ከእሱ የሚሻለው ጎረቤት ገብቶ ሲያይ ቅር ያለው ነው። የመጀመሪያው የመሰብሰቢያ ጊዜን፣ ሁለተኛው የመድኃኒት አቅርቦትን፣ ሦስተኛው የአመራረጡን ፍትሐዊነት የሚነካ ነው። መፍትሔያቸው አይገናኝም። መጠይቁ ላይ ግን ሦስቱም አንድ ሳጥን ውስጥ ገብተው «የአቅም ማነስ» ተብለው ይደመራሉ። የሚለያቸው ስለዚያ ወር ወጪ የሚቀርበው ጥያቄ ነው፤ በማክበር፣ ሳያሳጡ ይጠይቁት።

የጎጃም ሰው ቅሬታውን በውስጠ ወይራ ያሳልፈዋል። «እንግዲህ እናንተ ታውቃላችሁ»፣ «ለሰው ሲሰጥ አይተናል»፣ «ተብሎ ነበር» ሲል አንድ ነገር አለ። «ምን ማለትዎ ነው?» ብለው ፊት ለፊት ካፋጠጡት የጀመረውን ይውጠዋል። «እንዲያ ያለ ነገር መቼ ሆኖ ያውቃል?» ብለው ወደ ድርጊቱ ያዙሩት፤ ካልፈለገ ይለፉት፤ አባባሉን ግን ቃል በቃል ይጻፉ። ረዳቶችዎ የሰውን ቃል ወደ ቢሮ ቋንቋ እንዳይመነዝሩ ከመጀመሪያው ቀን አጥብቀው ያሠልጥኗቸው። «ለልጄ ሽሮፕ ስጠይቅ ክኒኑን ሰብረሽ ስጪው አሉኝ» ያለችው እናት ማስታወሻ ላይ «የግብዓት እጥረት መኖሩ ተገለጸ» ሆና ከገባች ጠፍታለች፤ በኋላ ማንም ሊመልሳት አይችልም።

የቡድን ውይይት ከፈለጉ በየቀበሌው አንድ፣ ከስድስት እስከ ስምንት ሰው፣ ሴቶችን ለብቻ። ውይይት የግል ታሪክ ማውጫ አይደለም፤ የእርስ በርስ ፍርድ መስሚያ ነው። «ያላደሰ ሰው ቢታመም ጎረቤት ምን ይላል?» ዓይነት ጥያቄ ያዋጣል። «ከስምንቱ አምስቱ ተስማሙ» ብለው ግን አይቁጠሩ፤ የመጀመሪያዋ ተናጋሪ የተከበረች ከሆነች ሌሎቹ እሷን ይከተላሉ።

ሰው ከሚናገረው ውጭ ሁለት ማመሳከሪያ ያስፈልግዎታል። አንደኛው ምልከታ ነው። በጤና ጣቢያው ፈቃድ ግማሽ ቀን ፋርማሲው አጠገብ ይቀመጡና፣ የማንንም ስምና ሕመም ሳይጽፉ፣ አባል የሆነ ታካሚ ስንት ዓይነት ታዘዘለት፣ ስንቱን ወሰደ የሚለውን ብቻ ይመዝግቡ። ሁለተኛው የመድኃኒት ቢን ካርድ፣ ማለትም የእያንዳንዱ መድኃኒት ገቢና ወጪ የሚመዘገብበት የመጋዘን ካርድ፣ ነው። ሰዎቹ በጠቀሱት ወር ያ መድኃኒት በእርግጥ አልቆ ነበር ወይ? የገጠመ ምስክርነት ይጸናል። ካልገጠመም ወዲያው «ዋሽተዋል» አይበሉ፤ መድኃኒቱ መጋዘን እያለ መስኮቱ ላይ «የለም» የሚባልበት ሁኔታ አለ፤ እሱም ራሱ ግኝት ነው።

ለትንተናው ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ ኤክሴል ይበቃል። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ለፖሊሲ ጥናት ተብሎ የተቀመረው የሠንጠረዥ ዘዴ ለእንዲህ ያለ አጭር ሥራ የተመቸ ነው። በቁም ሰዎቹን፣ በአግድም ከስድስት እስከ ስምንት ጭብጥ ያስቀምጡ። በእያንዳንዱ ክፍል የሰውየውን ነገር በአንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ያሳጥሩና ከጽሑፉ የመስመሩን ቁጥር ይጨምሩ። የመጀመሪያዎቹን አራት ቃለ መጠይቆች ሁለት ሰው ለየብቻው ይሙላ፤ ከዚያ ተገናኝተው ልዩነታቸውን ይነጋገሩ። ልዩነቱ የበዛበት ጭብጥ ትርጉሙ ያልጠራ ነውና ይከፈል ወይም ይጣል። ባዶ የቀረ ክፍልም ይናገራል፦ አልጠየቃችሁም ወይስ ሰውየው ሸሸው?

ከዚያ ተፎካካሪ ምክንያቶችን አሰልፈው ይፈትኑ፦ የገንዘብ ጊዜ፣ መድኃኒት፣ ሰብሳቢ አለመድረስ፣ የነጻ ዝርዝር መጠበቅ፣ «አልታመምኩም፣ ከንቱ ወጣ» ማለት። ለእያንዳንዱ ሁለት ጥያቄ አለ። እውነት ከሆነ የግድ መገኘት ያለበት ምንድን ነው? ያ ከሌለ ምክንያቱ ይወድቃል። ሌላ ምንም የማያስረዳው፣ ለዚህ ብቻ የሚመሰክር ምልክትስ? ያ ከተገኘ ይጸናል። መድኃኒትን እንውሰድ። መድኃኒት ዋናው ምክንያት ከሆነ ተገልግለው ያቋረጡት ስለ መስኮቱ የሚናገሩት ዝርዝር ሊኖራቸው ይገባል፤ ሳይገለገሉ ያቋረጡትም ቢያንስ ከማን እንደሰሙ መንገር አለባቸው። አሁን በአንድ ጤና ጣቢያ የሚጠቀሙት ሁለቱ ቀበሌዎች ይጠቅማሉ። መስኮቱ አንድ፣ መድኃኒቱ አንድ ሆኖ ሳለ አንዱ ቀበሌ አድሶ ሌላው ከቀረ፣ መድኃኒት ብቻውን ልዩነቱን አያስረዳም። ወይ የሰብሳቢው አካሄድ፣ ወይ የዝርዝሩ አወጣጥ፣ ወይ ሌላ ነገር ተጨምሯል። ይህ ከሃያ «ይመስለኛል» የሚበልጥ ማስረጃ ነው፤ «ወሬ ነው» ላሉዎት ኃላፊም መጀመሪያ የሚያቀርቡት ይኸንኑ ነው።

ሪፖርቱ ላይ እያንዳንዱን ግኝት በአምስት ነገር ያስደግፉ፦ ምን እንደሆነ፣ በየትኞቹ ቀበሌዎችና ቡድኖች እንደታየ፣ በየትኛው ሰነድ ወይም ምልከታ እንደተረጋገጠ፣ የማይስማማው ጉዳይ፣ ይህ ግኝት ሊናገር የማይችለው። ከ18 ቤት መቶኛ አያውጡ፤ «ከተገልጋዮቹ 67 በመቶ» ብለው ከጻፉ የተማረ አንባቢ ሪፖርቱን እዚያው ይጥለዋል። የማይስማማውን አይደብቁ፤ መድኃኒት ሦስት ጊዜ አጥታ ግን ያደሰች ሴት ካለች፣ ለምን እንዳደሰች ሁለት አንቀጽ ይገባታል።

በስም አለመጥራት ብቻ ሰውን አይሸሽግም። በአንድ ቀበሌ «የ45 ዓመት ሴት፣ የአምስት ልጆች እናት፣ ቤቷ ወንዙ ዳር» ከተባለ አገሩ ሁሉ ያውቃታል። ጤና ጣቢያው አንድ የፋርማሲ ባለሙያ ብቻ ካለው «አንድ የፋርማሲ ባለሙያ እንዳሉት» ማለት በስም ከመጥራት አይለይም፤ «የጤና ተቋም ሠራተኛ» ይበሉ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ባለው የጸጥታ ሁኔታ ደግሞ ስም የሚጽፍና ድምፅ የሚቀዳ እንግዳ ሰውን ያስፈራል፤ የስም ዝርዝርና ቅጂ ይዞ መንገድ ላይ መገኘትም አደጋ አለው። ለቤቶቹ ቁጥር ብቻ ይስጡ፤ የስምና የቁጥር ማመሳከሪያው ቢሮ ተቆልፎበት ይቅር። ፈቃድ በቃል ይበቃል፤ «አይቀዳ» ያለ ካለ ያለ ማግባባት በእጅ ይጻፉ። መንገድ ሲዘጋ በስልክ ማነጋገር ይቻላል፤ ግን ባልና ሚስትን ለየብቻ ማግኘት ስለሚያስቸግርና አጠገባቸው ማን እንዳለ ስለማይታይ፣ የትኛው በስልክ እንደተሠራ ሠንጠረዡ ላይ ለይተው ይጻፉ።

የመጨረሻውን ረቂቅ ለኃላፊው ከመስጠትዎ በፊት ከሦስቱ ቀበሌዎች በአንዱ፣ ያነጋገሯቸው ሰዎች ያልተለዩበት አጭር የቃል ማብራሪያ ይስጡ፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። «እንዲህ ሰምተናል፤ የቀረ ወይም የተሳሳተ ነገር አለ?» ይበሉ። የሚስተካከለውን ሁሉ፣ የማይስማሙበትንም ጭምር፣ ከየትኛው ቡድን እንደመጣ ጠቅሰው ረቂቁ ውስጥ ያስገቡ።